ሞዴል 22 ከሌለ ዲስክ አይወጣም፦ የሴፍ ክላስተር ሰነድ እንዳያረጅ የምናደርገው

የምሠራበት ግቢ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሰርቨሮች አሉን። ሴፍ የሚባለው፣ ፋይልን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያሰራጨው ሲስተም የሚሠራው በእነሱ ላይ ነው። አምስቱን አንድ ላይ ክላስተር እንላቸዋለን። የድርጅቱ ቪዲዮ፣ ስካን የተደረገ ዶሴ፣ የሒሳብ ክፍሉ ባክአፕ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው።

ሰርቨሮቹን የምንይዘው ጥቂት ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን የምንኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። ሌሊት አንድ ነገር ቢበላሽ እኔ ከአየር ጤና ተነስቼ እስክደርስ ይነጋል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ያደረው ተረኛ ሰነዱን ገልጦ ራሱ መሥራት አለበት። የገለጠው ሰነድ ያምናውን ክላስተር የሚያሳይ ከሆነ ግን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ሰነድ ያጣ ሰው ቢያንስ ደውሎ ይጠይቃል።

የምጽፈው ሴፍን ይዤ ነው፤ ሌላ ተመሳሳይ ሲስተም ለያዛችሁም አብዛኛው ያገለግላል።

ለምን ቶሎ ያረጃል?

ሴፍ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ አዲስ ስሪት ያወጣል። አንዱ ስሪት ጥገና የሚያገኘው ለሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ከዚያ ይተዋል። ስሞቹ ከኦክቶፐስ ዘመዶች የተወሰዱ ናቸው፤ በላቲን ፊደል ተራ ይሄዳሉ፦ ናውቲለስ በ2019፣ ኦክቶፐስ በ2020፣ ፓሲፊክ በ2021፣ ክዊንሲ በ2022፣ ሪፍ በ2023፣ ስኩዊድ በ2024። (ይህ ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ስለ ቀን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።)

ስሪቱ ሲቀየር ሰነዳችሁ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ቃሉ ሳይነካ ውሸት ይሆናል። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የሴፍ ሞኒተሮች (ስክሪን አይደሉም፤ የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተሉ ፕሮግራሞች ናቸው) ድሮ የሚያዳምጡት በፖርት 6789 ነበር። ናውቲለስ ሲመጣ 3300 ተጨመረ። የፋየርዎል ገጻችሁ 6789ን ብቻ የሚል ከሆነ፣ አዲስ ሰርቨር ሲገባ ግማሹ ነገር እየሠራ ግማሹ ያነክሳል። የዚህ ዓይነት ችግር ደግሞ ጨርሶ ካልሠራው ይልቅ ያደክማል።

ሁለተኛው፣ ኦክቶፐስ ሴፍአድም የሚባለውን ማስተዳደሪያ ይዞ መጣ። በእሱ የተተከለ ክላስተር አገልግሎቶቹን በኮንቴይነር (ለብቻው በተከለለ የሶፍትዌር ሳጥን) ውስጥ ነው የሚያስኬደው። የአገልግሎቶቹ ስም ተቀየረ፤ የክላስተሩ ረጅም መለያ ቁጥር መሐል ገባበት። ሎጉም (ሲስተሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ጽሑፍ) ቢሆን ልዩ ማስተካከያ ካልተደረገ በድሮው ፎልደር አይቀመጥም፤ ጆርናልዲ ወደሚባለው የሊኑክስ መዝገብ ይሄዳል። የድሮውን ገጽ የያዘ ተረኛ ፎልደሩን ከፍቶ ባዶ ያገኘዋል። «ሎግ ላይ ምንም የለም፣ ሰላም ነው» ብሎ ይተኛል።

ሦስተኛው ፋይልስቶር ነው። ዲስክ ላይ ዳታ የሚቀመጥበት የድሮው መንገድ ማለት ነው። ከ2017ቱ ሉሚነስ ጀምሮ ብሉስቶር ቦታውን ያዘ፤ ሪፍ ላይ ፋይልስቶር ጭራሽ ወጣ። ስንት ቤት ግን «መጀመሪያ የጆርናል ዲስኩን አረጋግጥ» የሚል የፋይልስቶር ዘመን ገጽ አሁንም ተሰቅሎ አለ።

ይህ የትንንሽ ቢሮዎች በሽታ ብቻ አይደለም። ከካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የመነጨው ኤኤፍኤስ የዚህ ዘር አንጋፋ ነው። አይቢኤም በ2000 ኮዱን ክፍት ሲያደርገው ኦፕንኤኤፍኤስ ኮዱን ብቻ ሳይሆን የአይቢኤምንም ማኑዋሎች ወረሰ። ሰው ሁሉ ከርቤሮስ 5 ወደሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ሂድ እየተባለ፣ ማኑዋሎቹ ግን ስለ ድሮው የይለፍ ቃል ሰርቨር ማስተማራቸውን ለረጅም ጊዜ ቀጥለው ነበር።

ማሽኑ የሚያውቀውን አትጻፉ

ሰነድ የሚያረጀው ሰው ስለሰነፈ ነው ይባላል። አልስማማም። የሚያረጀው መጻፍ የሌለበት ነገር ስለተጻፈበት ነው።

«ሰርቨር 2 ላይ ስምንት ዲስክ አለ፣ ቁጥራቸው ከ8 እስከ 15» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። አንድ ዲስክ ሲሞትና ሲተካ ያ መስመር ሊበላሽ ይችላል። የትኛው ዲስክ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ «ሴፍ ኦኤስዲ ትሪ» የሚለው ትዕዛዝ በሰከንድ ይነግራችኋል። የስሪት ቁጥሩን «ሴፍ ቨርዥንስ»፣ የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር «ሴፍ ዲቫይስ ኤልኤስ»፣ የተቀየሩትን ማስተካከያዎች «ሴፍ ኮንፊግ ዳምፕ» ይነግሯችኋል። ለእነዚህ ሰነዱ ላይ መኖር ያለበት ትዕዛዙ ነው፤ መልሱ አይደለም። ትዕዛዙ እንደ መልሱ ቶሎ ቶሎ አይቀየርም።

«ክላስተሩ ራሱ ሲወድቅ ማንን እንጠይቃለን?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለዚህ እኛ የምናደርገው ይህን ነው፦ በየሌሊቱ አንድ አጭር ስክሪፕት የእነዚህን ትዕዛዞች መልስ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ጊት (የፋይልን ለውጥ ከነታሪኩ የሚይዝ ፕሮግራም) ውስጥ ያስቀምጣል። ጊቱ ያለው ከክላስተሩ ውጭ፣ ለብቻዋ በቆመች ትንሽ ማሽን ላይ ነው። እያንዳንዳችንም ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ቅጂው አለ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይነበባል።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ነገር አታስገቡ። ስንት ቴራባይት እንደሞላ፣ ስንት ሰው እንደተጠቀመ፣ እነዚህ ከገቡ በየቀኑ ሁሉም ነገር የተቀየረ ይመስላል፤ ከዚያ ማንም አያየውም። ሁለተኛ፣ ከኮንፊግ ዳምፑ ውስጥ የይለፍ ቃል ሊገኝ ይችላል፤ ማስቀመጥ ከመጀመራችሁ በፊት አይታችሁ አጥሩት።

የዚህ ነገር ጥቅሙ የሚታየው ጠዋት ነው። ቀድሞ የገባው ሰው ቡናውን ይዞ ከትናንት ወዲህ ምን መስመር እንደተቀየረ ያያል። ምንም ካልተቀየረ ወደ ሥራው ይሄዳል። አንድ መስመር ከተቀየረና ለምን እንደተቀየረ የሚናገር ገጽ ከሌለ፣ የነካውን ሰው ፈልጎ «ይህቺ ምንድን ናት?» ይላል። ነገሩ ትኩስ ስለሆነ መልሱ አይጠፋም። ከሦስት ወር በኋላ ብትጠይቁት «እኔ ነኝ እንዴ?» ነው የሚላችሁ።

ማሽኑ የማያውቀው

ታዲያ ምን እንጻፍ? ሴፍ ብዙ ነገር ያውቃል፤ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ግን አያይም። የሰርቨር 3ን ገጽ እንዳለ ላሳያችሁ፦

«ከበሩ ስትገቡ ሁለተኛው ራክ፣ ከታች ሦስተኛው። የዲስክ ስሎት ከ0 ይጀምራል እንጂ ከ1 አይደለም። 0 ከላይ በስተግራ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ስሎት 5 ማቀፊያው ላልቷል፤ 4ን ወይም 6ን ስትነቅሉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በግራ እጅ ደግፉት። ከሁለቱ ፓወር ሳፕላይ የግራው ከዩፒኤስ፣ የቀኙ ከግድግዳው መስመር ነው። የግድግዳው ብሬከር ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን ሰባተኛው ነው፤ ስቲከሩ «መጋዘን መብራት» ይላል፣ አትመኑት።»

ከላይ ካለው ውስጥ አንዱንም በትዕዛዝ ማወቅ አይቻልም። ተረኛው ግን ሌሊት የሚቸግረው ይኼው ነው። ሴፍ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ዳታ በሦስት ኮፒ፣ በሦስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ያስቀምጣል። ኮፒው ወደ ሁለት ከወረደ ሥራው ይቀጥላል። ወደ አንድ ከወረደ ግን ዳታው እስኪያገግም ማንበብም መጻፍም ይቆማል። አንድ ዲስክ ሞቶ ሳለ ሌላ ሰርቨር ላይ ጤነኛውን በስህተት መንቀል ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሌላው ማሽኑ የማያውቀው ነገር «ለምን» ነው። እኛ ጋ 65 የምትባል ቁጥር አለች። ክላስተሩ 65 በመቶ ሲሞላ የግዢ ጥያቄ ይጻፋል ይላል ሰነዱ። አዲስ የገባ ሰው «ሴፍ ራሱ የሚያስጠነቅቀው በ85 ነው፣ 95 ላይ ነው መጻፍ የሚከለክለው፤ ምን አስቸኮላችሁ?» ማለቱ አይቀርም። ምክንያቱ ከቁጥሩ ጎን ካልተጻፈ በቅን ልቦና ቁጥሩን 80 ያደርገዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አምስት ሰርቨር አለን። አንዱ ቢወድቅ የእሱ ድርሻ በአራቱ ላይ ይከፋፈላል። 68 በመቶ ሞልቶ የነበረ ክላስተር ያኔ 85 ላይ ይደርሳል፤ 68 ሲባዛ በ5፣ ሲካፈል ለ4። ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው አንድ ሰርቨር በሞተበት ሰዓት ከሆነ ደግሞ ዲስክ ከሱቅ ሮጦ አይመጣም። ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ዕቃው አገር ውስጥ ከሌለ ይጠበቃል። ስለዚህ 65።

ስድስተኛ ሰርቨር ብንጨምርስ? ስሌቱ ይቀየራል፤ ገደቡ 70 አካባቢ ይሆናል። ምክንያቱ ስለተጻፈ ያኔ የሚኖረው ሰው ቁጥሩን ራሱ ያድሰዋል። ከሞላ ጎደል ሰነድ ማደስ የምለው ይህን ነው። ቁጥርን ከነስሌቱ መጻፍ።

ሞዴል 22

ሰው በቃሉ አይያዝም፤ በወረቀት ይያዛል። መንግሥት ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ንብረት ከመጋዘን የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። ሞዴል 22 ካልተቆረጠ ሚኒስትርም ቢመጣ ዕቃ አይወጣም። የእኛም ድርጅት ይህንኑ ልማድ ይዟል። ትርፍ ዲስኮቹ ያሉት ንብረት ክፍል ነው።

እኛ የጨመርነው አንዲት ነገር ናት። በወረቀቱ ማስታወሻ ቦታ ላይ ሰነዱ ውስጥ የተቀየረው ገጽ ይጻፋል። የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ስሎት፣ የሚወጣው ዲስክ ሲሪያል ቁጥር ስንት። ያ ካልተሞላ የንብረት ክፍሏ እትዬ ቁልፉን አያነሱም። ሴፍ ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። «ልጄ፣ ማስታወሻው ባዶ ነው» ይላሉ፤ አለቀ። አለቃ ብታስደውሉ እንኳ አይሰሙም። ሰነዳችንን ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ የጠበቁት እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የተበላሸው ዲስክ ሲመለስም እንዲሁ። ስለዚህ ንብረት ክፍል ያለውና ሰነዱ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ይመሳከራሉ። ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ እኛ ነን።

ሶፍትዌር ሲነካ ግን እትዬ የሉም። እዚያ የምንከተለው የሴፍ ሠሪዎቹን ልማድ ነው። የሴፍ ማኑዋል ለብቻው ሌላ ቦታ የተቀመጠ አይደለም፤ ከኮዱ ጋር በአንድ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ)፣ በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። አሠራር የቀየረ ሰው ለውጡን ተቀበሉኝ ብሎ በሚያቀርብበት በዚያው ጥያቄ ማኑዋሉንም እንዲያስተካክል ይጠበቅበታል። እኛም ማስተካከያ ስንቀይር ገጹ አብሮ ካልተቀየረ ሥራው አላለቀም ብለን ነው የምንይዘው። ገጹን ያነበበ ሌላ ሰው ስሙን ካላስገባም አይዘጋም። በዚህ ላይ ሰዎች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ይለምዱታል።

ቀንና ሰዓት

ይህን ክፍል ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ ውስጥ አታገኙትም፤ የእኛው ጣጣ ነው።

አንድ ገጽ ግርጌ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው 5/2/2018» ይላል። ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ነው። በፈረንጅ ካነበባችሁት ግን ናውቲለስ እንኳ ያልወጣበት ዘመን ነው፤ ገጹን «ይህ የድሮ ነው» ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። በተቃራኒውም ያው፤ በእውነት በፈረንጅ 2018 የተጻፈ ገጽ የቅርብ ጊዜ መስሎ ይታመናል። መፍትሔው ቀላል ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ጎኑ የፈረንጁ ቀን ይቀመጥ። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን አንቀበልም።

ሰዓቱ ይብሳል። ተረኛው መዝገብ ላይ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዲስክ ወደቀ» ብሎ ይጽፋል። በስልኩ ሰዓት ዓርብ 2፡00 ነው። ሰርቨሮቹ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሆኑ ሎጉ ደግሞ ሐሙስ 23፡00 ይላል። ሦስት ቁጥር፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ዲስክ። ጠዋት ሎጉን የሚፈልገው ሰው የዓርብን 8 ሰዓት ከፍቶ ምንም ሳያገኝ ይውላል።

ተረኛውን «በፈረንጅ ጻፍ» ማለት አይሠራም፤ ሌሊት እንቅልፍ የናጠው ሰው በለመደው ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በሀበሻ ይጻፍ፣ ግን «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው አይቅር። ከሥሩ የሎጉን መስመር እንዳለ ይገልብጥ። ማስላት ለሚፈልግ፦ ከዩቲሲው ሰዓት ላይ 3 ቀንሱ፤ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ 12 ጨምሩ። 23 ሲቀነስ 3፣ 20። ሲቀነስ 12፣ 8። ይህቺ ስሌት መዝገቡ ሽፋን ላይ ተለጥፋለች።

መብራት ሲሄድ

አንድ ገጽ ብቻ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ የመብራቱ ገጽ ነው። ሰነዱን እዚያው ሰነዱ በሚያወራለት ክላስተር ላይ ያስቀመጠ ቤት አይቻለሁ። ክላስተሩን እንዴት ማስነሳት እንደሚቻል የሚናገረው ፋይል ክላስተሩ ካልተነሳ አይከፈትም። ሳቅ ያስመጣል፤ የብዙ ሰው ሰነድ ግን ዛሬም እዚያው ነው ያለው። የእናንተን አሁኑኑ እዩት።

የእኛ ወረቀት ላሚኔት ተደርጎ ራኩ በር ላይ ውስጥ በኩል ተለጥፏል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይይዛል፣ ጄኔሬተሩ ይነሳል። ጄኔሬተሩን የሚይዙት ጋሼ ናፍጣው ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ ለተረኛው ይነግሩታል። ከሁለት ሰዓት በታች ከሆነና መብራት የሚመጣ ካልመሰለ፣ ወረቀቱ ይጀመራል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ተጠቃሚዎች ይነገራቸዋል፤ ፋይል ሲስተሙን የከፈቱ ማሽኖች ይለቁታል። የክላስተሩ ጤና ይታያል፤ ቀድሞ የታመመ ነገር ካለ ይመዘገባል። ከዚያ «ኖአውት» የሚባለው ምልክት ይደረጋል። አንድ ዲስክ ከጠፋ ሴፍ 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ፣ ጠብቆ «ይህ አይመለስም» ብሎ ዳታውን ሌላ ቦታ መገልበጥ ይጀምራል። ኖአውት «ቆይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እንደማለት ነው። ከዚያ ሞኒተር የሌለባቸው ሁለቱ ሰርቨሮች መጀመሪያ ይጠፋሉ፤ ሞኒተር ያለባቸው ሦስቱ መጨረሻ።

ሲነሳ በተቃራኒው። ስዊቹ፣ ከዚያ የሰዓት ማሽኗ፣ ከዚያ ሦስቱ የሞኒተር ሰርቨሮች። ከሦስቱ ሁለቱ ካልተስማሙ ክላስተሩ ምንም አይወስንም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ይጠበቃል። ከዚያ የቀሩት ሁለቱ።

የሰዓት ማሽኗ ለምን ቀደመች? ሞኒተሮቹ በመካከላቸው የ0.05 ሰከንድ ልዩነት ሲኖር ማጉረምረም ይጀምራሉ። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ እኛ ሰፈር ብዙ ነው። ያኔ ሰርቨሮቹ ሰዓት የሚጠይቁት ግቢው ውስጥ ካለ ማሽን መሆን አለበት። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ሰርቨር ካለ ደግሞ የትኛው ዓመት ላይ እንደሚነቃ እግዜር ይወቀው። ባትሪው መቼ እንደተቀየረም ገጹ ላይ ይጻፍ።

የወረቀቱ የመጨረሻ መስመር በቀይ ነው፦ «ኖአውትን አንሱ»። ጎኑ የምልክት ሳጥን አለ፤ በማርከር ይሞላል። ይህ መስመር ከተረሳ ክላስተሩ በቢጫ ማስጠንቀቂያ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ሰው ደግሞ ቢጫውን ይለምደዋል። ከሳምንት በኋላ አንድ ዲስክ ሲሞት ሴፍ «ቆይ ተብያለሁ» ብሎ ሳይገለብጥ ይቀመጣል። ሦስት የነበረው ኮፒ ሁለት ሆኖ ይከርማል። የማጥፊያ መመሪያ ስትጽፉ የማስነሻው ግማሽ እዚያው ወረቀት ላይ ይሁን፤ ገጽ ገልብጡ አትበሉ።

ወረቀት የራሱ አደጋ አለው፤ ራሱን አያድስም። ስለዚህ ግርጌው ላይ የታተመበት ቀን አለ። ጊት ውስጥ ያለው ገጽ ሲቀየር አዲሱን የሚለጥፈው ሰው አሮጌውን ቀዶ ይዞ ይመጣል፤ ርክክብ ነው። ሁለት ወረቀት ተደራርቦ መለጠፍ ክልክል ነው።

አዲስ ሰው ስትቀጥሩ

ሰነድ የሚፈተነው በጻፈው ሰው አይደለም። የጻፈው ሰው የጎደለውን በጭንቅላቱ ይሞላዋል። ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ለዚህ ወርቅ ናቸው። አንዱን እናስቀምጠውና ገጹን ጮክ ብሎ እያነበበ እንዲሠራ እናደርጋለን። በእርግጥ በዋናው ክላስተር ላይ አይደለም። ባረጀ ዴስክቶፕ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ከፍተን ትንሽ ሴፍ ተክለንበታል፤ እሱን ቢያፈርሰው ማንም አያለቅስም።

ደንቡ አንድ ነው፤ ገጹን የጻፈው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አፉን ይዘጋል። ከባድ ነው። ልጁ ቆም ባለበት፣ ጭንቅላቱን ባከከበት ቦታ ሁሉ መስመሩ ላይ ምልክት ይደረጋል። «ዲስኩን አስወግድ» የሚል መስመር ነበረን። ልጁ «ከሴፍ ነው ወይስ ከራኩ?» አለ። ለእኛ ግልጽ ነበር፤ ለእሱ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሁን ሁለት መስመር ሆኗል።

ስሪት ስትቀይሩም ይህችው ትንሽ ክላስተር ታገለግላለች። ሴፍ በአንድ ጊዜ ከሁለት ስሪት በላይ መዝለል አይፈቅድም፤ ከክዊንሲ ወደ ስኩዊድ ይቻላል፣ ከፓሲፊክ በቀጥታ ወደ ስኩዊድ አይቻልም። ትንሿን ቀድማችሁ አሳድጉ። ከዚያ የመብራቱን ገጽና የዲስክ መተኪያውን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በላይዋ ላይ ሂዱበት። የተሰበረው መስመር ራሱ ይታያል። የቀሩትን ገጾች ያን ያህል አታስጨንቁ፤ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ሌሊት የሚገለጡት።

መሰረዝ

ስለዚህ ብዙ አልልም። ያረጀ ገጽ ላይ «ያረጀ» ብላችሁ አትተዉት፤ ሰርዙት። ጊት ታሪኩን ይዞታል፤ የናፈቀው ሰው ቆፍሮ ያወጣዋል። ፍለጋ ላይ የሚወጣ የሞተ ገጽ ካለ፣ ተረኛው የሚከፍተው እሱን ነው።

ቴሌግራም ግሩፑ

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የአብዛኛው ቢሮ ትክክለኛ ሰነድ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። «ያቺ ስዊች እንዴት ነበር የምትስተካከለው?» ይላል አንዱ። ሌላው ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ረዳቱ ከኋላ «ቃሊቲ ቶታል!» እያለ ይሰማል። መልሱ ትክክል ነው፣ ችግሩ ይፈታል። ከወር በኋላ ያው ጥያቄ ይመጣል፣ የድምፅ መልእክቱን ደግሞ በፍለጋ ማግኘት አይቻልም።

ግሩፑን ዝጉ አልልም፤ ማንም አይሰማችሁም። እኛ ዓርብ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው፣ በተራ፣ የሳምንቱን መልእክት ወደ ኋላ እየሄደ ያያል። ጥያቄና መልስ የሆነውን ሁሉ ወደ ገጹ ያሻግራል። የድምፅ መልእክት ከሆነ የላከው ሰው ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ይህ ከተጀመረ ወዲህ የድምፅ መልእክት በጣም አጥሯል።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ላይ ለሚመጣ ጥያቄ መልሱ የገጹ ሊንክ ነው። ገጹ ከሌለ፣ መልሱን የሚያውቀው ሰው መጀመሪያ ገጹን ይጽፋል፣ ቀጥሎ ሊንኩን ይልካል። ክላስተሩ ወድቆ ከሆነ ግን መልሱን ወዲያው ስጡ፤ ገጹ እስከ ማግስቱ ይቆያል፣ ዓርብ ሳይደርስ።